የጉበት ብሎኮቹን አትጣሉ

አንድ ትልቅ ሆስፒታል ከአስር ዓመት በላይ የቆዩ የፓቶሎጂ ብሎኮቹን፣ ማለትም ለምርመራ ከታካሚዎች ተወስደው በሰም የታሸጉ የሰውነት ቁራጮችን፣ ለማስወገድ መወሰኑን ሰሞኑን ሰማሁ። ምክንያቱ የቦታ ጥበት ነው። መደርደሪያው ሞልቷል፣ አዲስ ናሙና የሚቀመጥበት ጠፍቷል። የቦታ ችግሩን አልክድም። ያናደደኝ ውሳኔውን ያስረዱት ኃላፊ የጨመሩት ቃል ነው፦ «ይህን ያህል የቆየ ናሙና ለምርምርም አይሆንም፤ ባለቤቶቹም አብዛኞቹ በሕይወት የሉም።»

ባለቤቶቹ በሕይወት የሉም! ብሎኩን ውድ የሚያደርገውን ነገር ለመጣያ ሰበብ ማድረግ እንዴት ያለ ድፍረት ነው? የትኛው ታካሚ ረጅም ዕድሜ እንደሚኖር፣ የትኛው ቶሎ እንደሚሞት ከጂኖች እንቅስቃሴ ለመተንበይ የሚፈልግ ሰው መጨረሻቸው የታወቀ ሰዎች ናሙና ያስፈልገዋል። ዛሬ ከተወሰደ ናሙና ያንን ለማወቅ ገና ብዙ ዓመት መጠበቅ አለበት። እኛ ዘንድ መልሱ ከነጥያቄው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ አሁን ሊቃጠል ነው።

«የቆየ አይሆንም» የሚለውም ውሃ አያነሳም። እ.ኤ.አ. በ2008 ዩጂን ሆሺዳና ባልደረቦቹ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ያወጡት የጉበት ካንሰር ጥናት የተሠራው በጥልቅ ማቀዝቀዣ በተያዘ ናሙና አልነበረም። እንደ እኛው ከመበስበስ በሚጠብቅ ፈሳሽ፣ በፎርማሊን፣ ተነክሮ በሰም በታሸገ ብሎክ ነው። አንዳንዱ ከ24 ዓመት በላይ ተቀምጦ ነበር። እንዲያም ሆኖ የ90 በመቶው ታካሚዎች ናሙና ጥሩ የጂን ንባብ ሰጥቷል። እነሱ ዘንድ 24 ዓመት የቆየው ሳይንስ ሲወጣው፣ እኛ ዘንድ አስር ዓመት የሞላው ቆሻሻ ተባለ።

የዚያ ጥናት ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ተመራማሪዎቹ 6,000 ያህል ጂኖችን ሲለኩ ዕጢው ራሱ ስለ ታካሚው ዕድሜ የሚታመን ምልክት አልሰጣቸውም። ምልክቱ የተገኘው ከዕጢው አጠገብ ባለው፣ ካንሰር በሌለበት ጉበት ውስጥ ነው። 186 ጂኖች ናቸው። በ82 የጃፓን ታካሚዎች ላይ ተለይተው፣ በአሜሪካና በአውሮፓ በ225 ሌሎች ታካሚዎች ላይ ሲፈተኑ አላሳፈሩም። ምክንያቱ ለገባው ሰው ግልጽ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዘግይቶ የሚመለሰው ካንሰር ብዙ ጊዜ የድሮው ዕጢ ቅሪት አይደለም፤ ለዓመታት ከተጎዳው ጉበት አዲስ የበቀለ ነው። አረሙ ቢነቀልም መሬቱ ያው መሬት ነው። ክፉ መጨረሻ በሚጠብቀው ሰው ጉበት ውስጥ የብግነት ጂኖች በርትተው ይታያሉ፤ ደህና በሚሰነብተው ውስጥ ደግሞ የጤናማ ጉበት የዘወትር ሥራ ጂኖች። እ.ኤ.አ. በ2013 ይኸው ምልክት ሄፓታይተስ ሲ በተባለው ቫይረስ ሳቢያ ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) ይዟቸው ገና ካንሰር ባልያዛቸው 216 ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ ማን ወደ ካንሰር እንደሚያመራ ለይቷል።

እንግዲህ ወደ ፓቶሎጂ ክፍሉ እንመለስ። የተቆረጠ ጉበት ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ከዕጢው ብዙ ቁራጭ ይወሰዳል። ከቀሪው ጉበት አንድ ይወሰዳል፤ ካልታሰበበት እሱም ይቀራል። መዝገቡ ላይ «ዕጢ የለበትም» ተብሎ በአንድ መስመር ያልፋል። ብሎክ ይቀነስ ሲባል መጀመሪያ የሚወረወረው ይኸው «ምንም የሌለበት» ነው። የታካሚውን ዕጣ የሚናገረው ግን እሱ ነበር።

«የሌሎች አገሮች ጥናት ይበቃናል» የሚሉም አሉ። አይበቃንም። በጃፓንና በደቡብ አውሮፓ ጉበትን ሲያጠፋ የኖረው በዋናነት ሄፓታይተስ ሲ ነው። እኛ ጋ ሄፓታይተስ ቢ አለ፣ በለውዝና በበርበሬ የሚገባው የሻጋታ መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ አገራችንን ጨምሮ ዘጠኝ የአፍሪካ አገሮችን ያካተተ ጥናት የግብፅ የጉበት ካንሰር ታካሚዎች ከምርመራ በኋላ በሕይወት የሚቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 10.9 ወር፣ የሌሎቹ አገሮች ደግሞ 2.5 ወር መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ላይ ቀዶ ሕክምና የሚደርሰው ሕመምተኛ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ያለን የጉበት ብሎክ በጣት የሚቆጠር ነው። የቶኪዮ ሰው ጉበት የጎንደርን ሰው ጉበት ይተካል ብሎ የሚከራከር ካለ ማስረጃውን ያምጣ።

አንዳንዱ ብሎክ በመጥፎ ፎርማሊን አር ኤን ኤው (የጂኖችን እንቅስቃሴ የሚያሳየው ሞለኪውል) ተበጣጥሶ ከጥቅም ውጭ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ይህ ለመፈተሽ ምክንያት ነው፤ ሳይፈተሽ ለማቃጠል አይደለም። «መድኃኒት በሌለበት አገር የጂን ምርምር ቅንጦት ነው» ለሚሉትም፦ ሆስፒታሉ ማሽን ይግዛ ያለው የለም። የተጠየቀው መደርደሪያ ነው።

ውሳኔው ይታገድ። ከመዝገቡ የጉበት ብሎኮች ተለይተው ይውጡ፤ ቁጥራቸው ከታካሚው ካርድ ጋር ይገናኝ፤ ታካሚው መቼ እንደታከመና መቼ እንዳረፈ ቤተሰብ ተጠይቆም ቢሆን ይጻፍ። ከዛሬ ጀምሮም ከሚቆረጥ ጉበት ሁሉ ዕጢ ከሌለበት ቦታ ቢያንስ አንድ ብሎክ ይቀመጥ፤ ይህንን ለማዘዝ ከክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም።