ይድረስ ለክቡር አልዘጋም ባይ የኦርጋን ቧንቧ

ጉዳዩ፦ ዝም ማለትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና አይደለሁም። ጣቴን ካነሳሁ በኋላም እርስዎ መጮህዎን ቀጥለዋል።

የካቴድራሉ ኦርጋኒስት ነኝ። አለቃዎ ነኝ ልል ነበር፤ ግን ማን ማንን እንደሚያዝ ባለፈው እሑድ ምእመኑ ሁሉ ሰምቷል። ቄሱ «በጸጥታ እንጸልይ» አሉ። ቁልፎቹን ለቀቅኩ። ሌሎቹ ቧንቧዎች በወጉ ዝም አሉ። እርስዎ ብቻ «ፒይይይይ» ብለው ቀጠሉ። የምቀመጠው ጀርባዬን ለመሠዊያው ሰጥቼ ስለሆነ፣ የሚሆነውን የማየው ከፊቴ በተሰቀለችው ትንሽ መስታወት ነው። በመስታወቷ መጀመሪያ የቄሱ አንድ ቅንድብ ተነሳ። ቀጥሎ ሁለተኛው። የመዘምራኑ መሪም ዞረው አፈጠጡብኝ። «እኔ አይደለሁም» ለማለት ሁለት እጄን ወደ ላይ ባነሳ ጊዜ፣ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ መሰልኩ።

መጮህ ካማረዎት ጩኸት መሐል ይጩሁ እንጂ! 16 ጫማ የሚረዝመው ቧንቧ ሲያገሳ ማን ይሰማዎታል? እርስዎ ግን የሚመርጡት ጸጥታውን ነው። ቀብር ላይማ አይቻሉም።

ሰበብዎን ጠጋኙ ነግሮኛል። ቁልፍ ስጫን ከሥርዎ ያለችው የአየር መክደኛ ትከፈታለች፤ ስለቅ ስፕሪንጓ መልሶ ይዘጋታል። አቧራ ከገባባት ወይም እርጥበት እንጨቱን ካሳበጠው ግን አትገጥምም፤ አየሩ ይፈሳል። ለአንዲት ብናኝ ብለው ነው እንግዲህ ስሜን ያጠፉት!

አንድ ጊዜ ኤፍ ሻርፕ የሚባለው ኖታ ላይ ሙጭጭ ሲሉብኝ፣ በኤፍ ቅኝት የተጻፈውን መዝሙር ለእርስዎ እንዲስማማ ዝቅ ወዳለው ዲ ቅኝት አወረድኩት። ባሶቹ፣ ማለትም ወፍራም ድምፅ ያላቸው ዘማሪዎች፣ ከወለሉ በታች ድምፅ ሲፈልጉ ዋሉ። በኋላ አንድ ምእመን እጄን ጨብጦ፣ «ያቺ የማትቋረጠው ድምፅ ነፍሴን ነካቻት» አለኝ። አመሰገንኩት። ምን ላድርግ?

ፈረንሳዊው ኦርጋኒስት ሉዊ ቪዬርን እ.ኤ.አ. በ1937 የፓሪሱን ኖትርዳም ኦርጋን ሲጫወት እዚያው ወንበሩ ላይ ሞተ። እግሩ ያረፈበት ፔዳል ግን ድምፁን አላቋረጠም ይባላል። ያ ይገባኛል። በእርስዎ ላይ ግን ማን ሞተብዎት?

ክፋት የለኝም፤ እንዲያውም ሥራ አግኝቼልዎታለሁ። ጀርመን፣ ሃልበርሽታት ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የአሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ የጆን ኬጅ ድርሰት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በኦርጋን እጅግ በዝግታ እየተሰማ ነው። የሚያልቀው በ2640 ነው። ቁልፎቹን ተጭነው የሚይዙት ትንንሽ የአሸዋ ከረጢቶች ናቸው፤ ጣት የሚባል ነገር አይነዘንዝዎትም። ማመልከቻውን እኔው እጽፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ፦ ድርሰቱ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ 17 ወራት ዝምታ ነበሩ። እንደዚያ ዓይነት ፈተና ከሰጡዎት አለቀልዎት።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለአየር መንፊያው ሞተር (በነጻ የሚቀልብዎት እሱ ስለሆነ)
አጠገብዎ ላለው ቧንቧ (አመልዎ እንዳይጋባበት)