ታብሌቱን የሚያዞረው ባለቤቱ ነው

ሰሞኑን አንድ የትምህርት ቪዲዮ አፕ አፕዴት ወጥቶለታል። ከአፕዴቱ ወዲህ ቪዲዮውን ፉል ስክሪን ስታደርጉት ምስሉ በግድ ወደ አግድም ይዞራል። ታብሌቱ በቁሙ ቢሆንም ግድ የለውም። ስክሪኑ እንዳይዞር ሮቴሽኑን ብትቆልፉትም አይሰማም። ቅሬታው ሲበዛ ሠሪዎቹ የሰጡት መልስ፣ ቪዲዮ የሚታየው በአግድም ስለሆነ ተጠቃሚው ታብሌቱን ያዙረው የሚል ነው።

ያዙረው! አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አካባቢ ካሉት ካፌዎች ወደ አንዱ ግቡና ተማሪዎቹን እዩዋቸው። ጠረጴዛው ጠባብ ነው። ደብተር፣ መጽሐፍና ማኪያቶ ሞልተውታል። ታብሌቱ ከመጽሐፍ ክምር ጋር ተደግፎ በቁሙ ቆሟል። በአግድም ላድርገው ቢሉ ቦታ የለም። ልጁ ፉል ስክሪን የሚለውን የሚነካው የሰሌዳው ጽሑፍ ጎልቶ እንዲታየው ነው። አፑ ግን ምስሉን በጎኑ ይጥልበታል። ከዚያ ወይ አንገቱን ያጣምማል፣ ወይ ያደራጀውን ሁሉ ያፈርሳል።

ማዞር ጭራሽ የማይችል ሰውም አለ። ታብሌቱ ዊልቸሩ ላይ የተገጠመለት ሰው አዙረው ሲባል ምን ያድርግ? የድረ ገጽ ስታንዳርዶችን የሚያወጣው ደብሊው-ሦስት-ሲ በ2018 የተደራሽነት መመሪያውን ሲያሻሽል፣ ይዘቱ ራሱ ካላስገደደ በቀር ተጠቃሚን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አትገድቡት ብሎ የጻፈው እንዲህ ያለውን ሰው አስቦ ነው።

ደግሞስ በአግድም የሚታየው የትኛው ቪዲዮ ነው? ዛሬ ብዙ አስጠኚ ትምህርቱን የሚቀርፀው ስልኩን በቁሙ አቁሞ ነው። ሂሳቡን እንሥራው። 16 ለ 10 የሆነ ታብሌት ላይ በቁም የተቀረፀ 9 ለ 16 ቪዲዮ፣ ታብሌቱ በቁሙ ሳለ ከስክሪኑ 90 በመቶውን ይሞላል። በግድ ወደ አግድም ስታዞሩት ወደ 35 በመቶ ይወርዳል። ቀሪው ጥቁር ነው። ፉል ስክሪን ብለው የስክሪኑን ሲሶ ይሰጡናል! በአግድም ለተቀረፀ ቪዲዮ ሂሳቡ ይገለበጣል፤ አውቃለሁ። ግን ፊልም የሚያይ ሰው ታብሌቱን ማንም ሳይነግረው ያዞረዋል። አስገዳጅ አያስፈልገውም።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ የቁልፉ ነገር ነው። ታብሌት እንዴት እንደተያዘ የሚያውቀው አክሰለሮሜትር በሚባል ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ የሚለካው የመሬትን ስበት ነው። ታብሌቱን ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ ስታስተኙት ስበቱ በስክሪኑ ጀርባ በኩል ስለሚያልፍ ላይና ታቹ ይጠፋበታል። አልጋ ላይ በጎናችሁ ስትተኙ ደግሞ ለሴንሰሩ አግድም የሆነው ለዓይናችሁ ቁም ነው። ጭንቅላታችሁ በየት በኩል እንዳለ አክሰለሮሜትሩ አያውቅም። እናንተ ታውቃላችሁ። የሮቴሽን ቁልፍ የተሠራው ለዚህ ነው። ሰውየው አስቦ፣ ቅንብሩን ከፍቶ፣ እንዲህ ይሁንልኝ ብሎ ቆልፎታል። የቪዲዮ አፕ ይህን ቁልፍ የመስበር መብት ከየት አመጣ? ሴንሰሩ እንኳ ቁልፉን ያከብራል። አፑ ግን ጆሮውን ደፍኖ ያዞራል። ይህ ለእኔ ንቀት ነው።

ታብሌት ትልቅ ስልክ ነው የሚል መከራከሪያም ሰምቻለሁ። ስልክ ላይ ይሁን፤ በአንድ እጅ ስለሚያዝ ማዞሩ አይከብድም። ታብሌት ግን ይደገፋል፣ ይቆማል፣ ሁለት ሦስት ልጅ ተጠጋግቶ ያየዋል። ጎግልም ልዩነቱን አምኗል። በ2025 የወጣው አንድሮይድ 16 የስክሪናቸው አጭሩ ጎን 600 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መጠን መለኪያ) እና ከዚያ በላይ በሆነ መሣሪያዎች ላይ፣ ለዚህ ስሪት የተዘጋጁ አፖች የሚያወጡትን የአቅጣጫ ትእዛዝ እንዳልሰማ ያልፈዋል። ጌሞች ነፃ ተደርገዋል። ዓለም የጣለውን አሠራር የእኛዎቹ ዛሬ አዲስ ነገር ብለው ያመጡልናል። የቆየ አንድሮይድ ያለበት ታብሌት ላይ ደግሞ ማስገደዱ እንደሚቀጥል እነሱም ያውቃሉ። በየቤቱ ያለው ታብሌት ደግሞ ይኸው የቆየው ነው።

ገንዘቡም አለ። አንድሮይድ ስክሪኑ በዞረ ቁጥር፣ ዴቨሎፐሩ ካላዘዘው በስተቀር፣ የተከፈተውን ገጽ አፍርሶ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ቪዲዮው የደረሰበት ደቂቃ ካልተቀመጠ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሜሞሪ ላይ ተጭኖ የነበረው ይጠፋና እንደገና ከኢንተርኔት ይወርዳል። ይህ አፕ የሚያደርገው ልክ እንደዚያ ነው። የትምህርቱ ግማሽ ላይ ደርሳችሁ ፉል ስክሪን ስትነኩ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ወደሚለው መግቢያ ትመለሳላችሁ። ፓኬጁ የሚቆረጠው ከእናት ከአባት ኪስ ነው። ከፉል ስክሪን ስትወጡም አፑ በአግድም ተገትሮ ይቀራል፤ ትእዛዙን መልሶ የሚያነሳ ሰው አልነበረማ።

ማስተካከሉ ከባድ ሥራ ነው የሚል ምክንያት አልቀበልም። አንድ የአቅጣጫ ትእዛዝ ማንሳትና ቪዲዮው የደረሰበትን ደቂቃ ማስቀመጥ ነው። ማዞር የሚፈልግ እንዲያዞር ቪዲዮው ጥግ ላይ ምልክት አድርጉለት። የቆለፈውን አትንኩበት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመድረሱ በፊት የተስተካከለ አፕዴት አውጡልን።