ያለቀ አለ እኮ!

እሺ፣ ዛሬ ብሶቴን ልተንፍስ። መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው ይለፈኝ። የሚሰፋ ካለ ግን እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ግን ከስፌት መኪናዬ ጋር ነኝ። የትራስ ልብስ፣ የልጅ ቀሚስ፣ የገበያ ቦርሳ፣ ከተረፈ ነጠላ የጠረጴዛ ልብስ እሰፋለሁ። ደስ ስለሚለኝ ብቻ። አልሸጥም። አዲስ አበባ ውስጥ ይቺን "አልሸጥም" ማስረዳት እንዴት እንደሚያደክም! "ታዲያ ለምን ትለፊያለሽ?" ይሉኛል። ኳስ ለሚጫወት ሰው "ለየትኛው ክለብ ነው?" የሚለው የለም እኮ።

ፍልሰታ ሲፈታ ከተማው የእንቁጣጣሽ ባዛር በባዛር ይሆናል። አንዱ ማስታወቂያው ላይ "የእጅ ሥራና የባህል አልባሳት" ብሎ ጽፏል። ስሙን አልጠራም። እኔም ሞኟ "የእጅ ሥራ" የሚለውን አምኜ፣ በነሐሴ ዝናብና ጭቃ፣ መግቢያ ከፍዬ ገባሁ። የተቀበለኝ ድምፅ ማጉያ ነው። አንዱ ብርድ ልብስ ያስተዋውቃል፣ ሌላው የሽንኩርት መክተፊያ። የሁለቱ ሙዚቃ መሐል ላይ ይጋጫል። ፍራሽ አለ፣ ሽቶ አለ፣ የፕላስቲክ ሳህን አለ። ክር የለም። ቁልፍ የለም። ገበር የለም። ደህና መቀስ እንኳ የለም። በእጅ የተሠራ እንጂ በእጅ የሚሠራበት ነገር አይሸጥም።

ጥግ ላይ የሐበሻ ልብስ የሚሸጡ አገኘሁ። "ጥለቱን ለብቻው ትሸጡልኛላችሁ?" አልኩ።

"ቀሚሱን ውሰጂው፣ የኔ ቆንጆ።"

"ራሴ ልሰፋ ነው።"

"ኧረ ለምን ትደክሚያለሽ? ያለቀ አለ እኮ!"

በቃ፣ የሳምንቱ መጨረሻ መዝሙር ይሄ ሆነ። ያለቀ አለ እኮ።

ያለቀውንማ አየሁት። ግማሹ ጥለቱ አልተሸመነም፣ የታተመ ነው። ከውጭ በጣቃ የሚገባ ፖሊስተር ላይ የጥለት ሥዕል ተለጥፎበት "የሐበሻ" ይባላል። እንዳትታለሉ ገልብጡት። የተሸመነ ከሆነ ባለቀለሙ ክር ከጀርባውም ይታያል። የታተመ ከሆነ ጀርባው ገርጥቶ ታገኙታላችሁ። አቅሙ የማይፈቅድ ሰው ቢገዛው አልፈርድም፣ የሸማ ዋጋ የት እንደደረሰ አውቃለሁ። ግን በሕትመት ዋጋ ይሸጥ! ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እየወረወረ፣ እያንዳንዷን የጥለት መስመር በጣቱ እያነሳ ነው የሚሠራው። የሸማ ስፋት ጠባብ የሆነው ለምን ይመስላችኋል? የሸማኔው ክንድ ከሚደርስበት አያልፍማ። ለዚህ ነው ነጠላ መሐሉ ላይ የሚጋጠመው። ይህን የምታውቅ ሴት ፊት ፖሊስተር ዘርግቶ "ኦሪጅናል ነው እህቴ" ማለት ድፍረት ነው።

"ታዲያ ሽሮ ሜዳ ሂጂ" ትሉኝ ይሆናል። እሄዳለሁ እንጂ! ሽሮ ሜዳ ጨርቅ ሞልቷል። ችግሩ መቁረጥ ነው። የቀሚስ ሙሉ ካልሆነ አይነኩትም። እነሱንም እረዳቸዋለሁ፣ የእጅ ፈትል ማግ የገባበት ሸማ አንዴ ከተቆረጠ ዳሩ ይተረተራል፣ የተረፈውን ማን ይገዛቸዋል? መርካቶ ደግሞ ጅምላ ነጋዴው ጋ "ግማሽ ሜትር" ካላችሁ እንደ ለማኝ ነው የሚያያችሁ። በሜትር የሚሸጠው ደግሞ የፈለጋችሁትን ቀለም አልያዘም። ዚፕ ጥቁር፣ ነጭና ቡኒ። አረንጓዴ ስትሉ "ቡኒው አይታይም" ይላችኋል። ኧረ ይታያል!

ክሩንስ ምን ልበላችሁ? ጥቅሉ ያብረቀርቃል፣ መኪናው ላይ ሲገባ በየስንዝሩ ይበጠሳል። ሱቁ ውስጥ ትንሽ መዘዝ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት። ባለሱቁ ቢቆጣም ይቆጣ። በሁለት ጣት የሚበጠስ ክር መኪና ላይ አይቆምም።

እሁድን ለፒዛ አድርጌዋለሁ። ሊጡ ሲቦካ እኔ እሰፋለሁ፣ ሥራና ሆድ ይግባባሉ። ፉርኖ ዱቄት፣ እርሾ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ለብ ያለ ውኃ። ቲማቲሙን ከነጭ ሽንኩርት ጋር ውኃው እስኪመጥ አቁላላዋለሁ። ኦቨን የለኝም፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው ያለኝ። ምጣድ ደግሞ ሙቀቱ ከሥር ብቻ ነው። ስለዚህ ቂጣውን መጀመሪያ አንድ ጎኑን አበስልና እገለብጠዋለሁ። የበሰለው ጎን ላይ ድልሁንና ቺዙን አድርጌ እከድነዋለሁ፣ ምጣዱንም ቀነስ። በእንፋሎቱ ቺዙ ይቀልጣል። አይብ አድርጉበት የሚል ምክር እንዳትሰሙ። አይብ በሙቀት የረጋ ነው፣ ብታግሉት አይቀልጥም፣ ይደርቃል እንጂ።

ታዲያ ልክ ከድኜው መብራት ጠፋ። ምጣዱም ቆመ፣ መኪናውም ቆመ። የቀሚሱ ክንድ ግማሹ ተሰፍቶ ግማሹ ተንጠልጥሎ ቀረ። ይሄኔ ነው የወንድሜ ሚስት የምትገባው። ምጣዱን ከፈት አድርጋ አየችው። ቺዙ ግማሹ ቀልጧል፣ ግማሹ ቆሟል። ምን ብትል ጥሩ ነው?

"ምነው ባዘዝሽ? ያለቀ አለ እኮ!"

ዝም አልኩ። ጭራሽ ፒዛውን ሁለት ቁራጭ ከበላች በኋላ ከቦርሳዋ የባሏን ሱሪ አወጣች። "አንቺ እጅሽ ፈጣን ነው፣ ይቺን ታችዋን ብቻ አሳጥሪልኝ። የልብስ ሰፊዎቹ ዋጋ አይቀመስም።" ለዚህ ጊዜ ያለቀ የለም! ስሰፋ ለራሴ ከሆነ ልፋት ነው፣ ለእነሱ ከሆነ ሙያ። ጎረቤትም፣ ዘመድም፣ የቢሮ ሰውም ያው ነው። "ዚፕ ብቻ"፣ "ጎኗን ብቻ"፣ "ላስቲኳን ብቻ"። የጂንስ ዚፕ መቀየር ምን ያህል መርፌ እንደሚሰብር የሚያውቅ የለም።

ለማንኛውም፣ ግማሽ ሜትር ያለ ግልምጫ የሚቆርጥ፣ አረንጓዴ ዚፕ የያዘ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ሠፈሩን ጻፉልኝ። ጥለት ለብቻው የሚሸጥልኝ ሸማኔ ካለም ቀብድ እከፍላለሁ። ሱሪ ይዛችሁ ልትመጡ ያሰባችሁ ግን ቤት የለሁም።