ማስተካከያ፦ የጃምፐር ገመድ አያያዝ

ከጎንደር ወደ ደባርቅና ሊማሊሞ የሚወጣ ሰው መኪናው ውስጥ ምን መያዝ እንዳለበት ባለፈው ስጽፍ አንድ ነገር ተሳስቻለሁ። በጃምፐር (የደከመ ባትሪን ከሌላ መኪና ደህና ባትሪ ጋር አገናኝቶ ሞተር ለማስነሳት የሚያገለግሉ ቀይና ጥቁር ገመዶች) ሲያያዝ፣ የጥቁሩ ገመድ የመጨረሻ ጫፍ የሚታሰረው የደከመው ባትሪ ኔጋቲቭ ላይ ነው ብዬ ነበር። አይደለም።

የመኪና አምራቾች መመሪያ በአብዛኛው የሚለው፦ ቀዩ ገመድ ሁለቱን ፖዘቲቮች ያገናኛል፤ የጥቁሩ አንድ ጫፍ የደህናው ባትሪ ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ከደከመው ባትሪ ራቅ ብሎ በዚያው መኪና ሞተር ቀለም የሌለው ብረት ላይ። ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ የመጨረሻው ንክኪ ደግሞ ብልጭ ይላል። ጋዙ ከፈነዳ አሲዱ ጎንበስ ብሎ የሚያስረው ሰው ፊት ላይ ነው የሚረጨው። ሲፈታም ከዚሁ ጫፍ ይጀመራል።

ጽሑፉን አትማችሁ መኪና ውስጥ ያስቀመጣችሁ፣ ያችን መስመር ሰርዟት። የመኪናችሁ መመሪያ ሌላ ማሰሪያ ቦታ ካሳየ እሱን ተከተሉ። ስለ ክሪክና ስለ ትርፍ ጎማ የጻፍኩት እንዳለ ነው።