ሳጥናችንን የቆጠሩልን ይባረኩ

አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ዋጋዬን በትክክል የተመነልኝ አንድ አካል ብቻ ነው። አሠሪዎቼ አልቻሉም። ባንኩም አልቻለም። ዘመዶቼ እንኳ ትዝ የምላቸው የሰርግ መዋጮ ሲመጣ ነው። ቢግ ቴን ግን ሳያየኝ ወደደኝ። አንድም ጨዋታውን ሳላይለት ደጋፊ አድርጎ ቆጠረኝ። ይህን ውለታ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ስለሆነ ዛሬ ምስጋናዬን ላቅርብ።

ለማያውቅ ሰው፦ ቢግ ቴን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ኮንፈረንስ ነው። ኮንፈረንስ ምንድን ነው ለሚለኝ ደግሞ እድር በለው እላለሁ። ጎረቤታሞች ይሰባሰባሉ፣ ደንብ ያወጣሉ፣ ዓመቱን ሙሉ እርስ በርስ ይጋጠማሉ፣ የተገኘውን ይካፈላሉ። እድር እንግዲህ ድሮም በሰፈር ነው። ማንም ሰው ኮልፌ እየኖረ አዳማ እድር አይገባም። ቢግ ቴንም በ1896 ሲመሠረት የመካከለኛው ምዕራብ ሰፈርተኞች እድር ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ።)

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከቤታችን ቅርብ ነው፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ይደረሳል። ይህ ዩኒቨርሲቲ ከ1953 ጀምሮ የኤሲሲ፣ ማለትም የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ መሥራች አባል ነበር። ከዱክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቅርጫት ኳስ ሲገናኝ ከተማው እንቅልፍ አልነበረውም ይላሉ የሚያውቁት። ታዲያ በ2012 ኪሱ ሳሳ። በዚያው በጋ መዋኛን ጨምሮ ሰባት የስፖርት ቡድኖቹን ዘጋ። በኖቬምበር ደግሞ ወደ ቢግ ቴን እሄዳለሁ አለ። የድሮው እድር የመውጫ ቅጣት 52 ሚሊዮን ዶላር ክፈል ብሎ ከሰሰው፤ ተከራክረው በ31 ሚሊዮን ገደማ ተጨረሰ። መዋኛ ቡድን ለማቆየት ገንዘብ የለኝም ያለ ቤት 31 ሚሊዮን ከፍሎ መውጣት እንዴት ቻለ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ነገሩ ገና አልገባውም።

አሠራሩን ስሙኝማ፤ ጥበብ አለበት። ቢግ ቴን በ2007 ከፎክስ ቴሌቪዥን ጋር ሆኖ የራሱን ጣቢያ ከፈተ። ቴሌቪዥን በገመድ ወደየቤቱ የሚያስገባው የኬብል ኩባንያ ለጣቢያው በየወሩ በደንበኛ ቁጥር ይከፍላል። የቢግ ቴን አባል ዩኒቨርሲቲ ባለበት ግዛት ክፍያው ከፍ ያለ ነው፤ በሌለበት ዝቅ ያለ። ደንበኛው ጣቢያውን ይይ አይይ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ጥሩ ቡድን ከመፈለግ ብዙ ቤት ያለበትን ግዛት መፈለግ ይሻላል። ሜሪላንድ ሲገባ የባልቲሞርና የዋሽንግተን ዙሪያ የኬብል ሳጥኖች አብረውት ገቡ። በጁላይ 2014 እኔ ሶፋዬ ላይ እንደተጋደምኩ፣ ሳላመለክት፣ ሳልማልድ፣ የቢግ ቴን ሰው ሆንኩ። ግሪን ካርድ ያገኘሁት ከዚህ በላይ ለፍቼ ነው።

በዚያን ጊዜ እኛ ቤት ምን ይታይ እንደነበር ልንገራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት አርሴናል። ከሰዓት የባለቤቴ ተከታታይ ድራማ፣ እሱም በኢንተርኔት። ልጆቹ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቁት ሲጋጩበት ነው። የኬብሉ ሳጥን ግን ሥራ አልፈታችም። ሌት ተቀን ትሞቃለች። በክረምት ሊጥ አልቦካ ሲል ባለቤቴ ባልዲውን በፎጣ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ሳጥኗ ጎን ታስቀምጠው ነበር። በሁለተኛው ቀን ኩፍ ይላል። እንጀራችን ዓይን በዓይን ነበር። እንግዲህ የቢግ ቴን አዋቂዎች ካርታ ዘርግተው «እዚህ ሰፈር ትልቅ የእግር ኳስ (በእጅ የሚይዙት የአሜሪካው ማለቴ ነው) ፍቅር አለ» ሲሉ የቆጠሩት ይህንን ሙቀት ነው።

ኒው ጀርሲም እንደኛ እድለኛ ናት። የሷ ዩኒቨርሲቲ ሩትገርስ ከሜሪላንድ ጋር አንድ ቀን ገባ። ሩትገርስ ታሪክ አለው፤ የመጀመሪያው የኮሌጅ እግር ኳስ የሚባለውን ጨዋታ በ1869 ፕሪንስተንን 6 ለ 4 ያሸነፈው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለማሸነፍ ብዙም አልቸኮለም። በ2016 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሜዳው ድረስ መጥቶ 78 ለ 0 ደበደበው። በ2016፣ በ2018 እና በ2019 በኮንፈረንሱ ውስጥ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። እዚህ ላይ ተራ ሰው ምን ይላል? «ይሄን ቡድን ለምን አመጡት?» ይላል። አዋቂ ሰው ግን ከመስኮቱ ውጭ ያያል። ሩትገርስ ጀርባ ኒው ዮርክ አለች። የቴሌቪዥን ተመልካች የሚለኩት ሰዎች አሜሪካን በ210 ገበያ ሲከፍሏት ኒው ዮርክ አንደኛ ናት። ቡድኑ 78 ይግባበት 178፣ ሳጥኖቹ እንደሆኑ አይሸነፉም።

ስለ ሂሳባቸውም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ቢግ ቴን ማለት ትልቁ አሥር ማለት ነው። በ1990 ፔን ስቴት ሲጨመር 11 ሆኑ። ስሙን ይቀይራሉ ብላችሁ ጠበቃችሁ? አልቀየሩም። በአርማቸው ላይ ፊደሎቹ መሃል ባለው ክፍት ቦታ 11 ቁጥርን ሸሸጓት። ነብራስካ በ2011 ሲገባ 12 ሆኑ፤ አሁንም አሥር። ጎረቤቱ ቢግ 12 የሚባለው ሌላ ኮንፈረንስ ደግሞ በዚያው ዘመን አባላቱ ሸሽተውት አሥር ቀርቶ ስሙ ግን አሥራ ሁለት ነበር። አሥሩ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለቱ አሥር! ዛሬ ቢግ ቴን 18 ነው። እኛ በዓመት 13 ወር ያለን ሕዝብ ስለሆንን በቁጥር አንከራከርም። ግን እነዚህ ሰዎች ዩኒቨርሲቲ ናቸው። የሂሳብ ትምህርት ክፍል አላቸው።

ጂኦግራፊውማ ለብቻው ቅኔ ነው። በጁን 2022 መጨረሻ ዩሲኤልኤ እና ዩኤስሲ፣ ሁለቱም ሎስ አንጀለስ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ወደ ቢግ ቴን እንሄዳለን አሉ። ሎስ አንጀለስ በዚያ በ210 ዝርዝር ሁለተኛ ናት፤ አሁን ገባችሁ። የዩሲኤልኤ የመረብ ኳስ ተጫዋች ሩትገርስን ለመግጠም ወደ 4000 ኪሎ ሜትር ትበራለች። ከቦሌ ተነስታችሁ ጆሃንስበርግ ስትደርሱ ማለት ነው። ይህ የእድር ጉዳይ ነው እንግዲህ፣ የሰፈር። የሦስት ሰዓት የሰዓት ልዩነትም አለ። ልጅቷ ማታ ተጫውታ፣ በማግስቱ ተመልሳ፣ ኬሚስትሪ ትፈተናለች። የዩኒቨርሲቲ መሪዎች ንግግር ሲያደርጉ «የተማሪዎቻችን ደኅንነት» የምትለዋን ሐረግ ሳያነሱ አይወርዱም። እውነታቸውን ነው፤ አውሮፕላን ከአውቶብስ ይልቅ ደኅንነት አለው።

ዩሲኤልኤ ሲሄድ ወንድሙን በርክሌይን ትቶ ነው። ሁለቱም የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ልጆች ናቸው፤ አንድ ቦርድ ነው የሚያስተዳድራቸው። ቦርዱ በ2024 ተሰብስቦ ዩሲኤልኤ ለበርክሌይ በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሦስት ዓመት፣ እንዲከፍል ወሰነ። ቀለብ ቆረጠበት ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ፍርዱን ወድጄዋለሁ። ጥሎ የሄደ ይክፈል!

የተጣለው በርክሌይ ግን አልቅሶ አልቀረም። ከስታንፎርድ ጋር ሆኖ የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ ገባ። ሁለቱም ያሉት ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ አጠገብ ነው። ምን ይደረግ፤ ውኃ ውኃ ነው። መጀመሪያ ላይ ከሙሉ ድርሻ 30 በመቶውን ብቻ ነው የሚወስዱት። ከነሱ ጋር የገባው የዳላሱ ዩኒቨርሲቲ ኤስኤምዩ ደግሞ ከዚያም በላይ ጨዋ ነው፤ ከኮንፈረንሱ የቴሌቪዥን ገንዘብ ለዘጠኝ ዓመት ምንም አልፈልግም ብሎ ነው የገባው። ዘጠኝ ዓመት ዕጣ ሳይወጣለት እቁብ የሚጥል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሰፈር ቢገኝ ሰብሳቢ እናደርገው ነበር።

አሁን ወደ ለቅሶ ቤቱ እንግባ። እነ ዩሲኤልኤና በርክሌይ የነበሩበት የፓስፊክ ዳርቻው ኮንፈረንስ ፓክ 12 በ1915 ነው የተመሠረተው። ራሱን «የሻምፒዮኖች ኮንፈረንስ» ይል ነበር። በ2023 በጋ የቴሌቪዥን ውል ፍለጋ ሲንከራተት አፕል ብቻ ቀረበው፤ ክፍያው ስንት ሰው ይመዘገባል በሚለው ላይ የተንጠለጠለ ነበር። አባላቱ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። በእውነት የሚያይ ሰው ይቆጠራል? ምን ዓይነት ድፍረት ነው! ኮሎራዶ ቀድሞ ወጣ። ኦገስት 4 ቀን፣ በአንድ ቀን፣ አምስት ሄዱ። ኦሬገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን፤ እነሱም ከሙሉ አባል ድርሻ ግማሽ ያህሉን ብቻ ይዘው። አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12። በመጨረሻ ሁለት ብቻ ቀሩ፤ ኦሬገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት። አንዱ ከኮርቫሊስ ሌላው ከፑልማን ናቸው። ትንንሽ ከተሞች ናቸው፤ በቂ ሳጥን የለባቸውም።

ሁለቱ ግን ሞኞች አልነበሩም። ሁሉም ለቆ ሲወጣ የእድሩ ድንኳን፣ ብረት ድስትና ወንበር የማን ነው ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። የሚሄድ ሰው ስለ ድንኳኑ ድምፅ ሊሰጥ አይገባም አሉ። አሸነፉም። ለአንድ ሰሞን ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረውን እድር ሁለት ሰዎች አንዱ ሊቀ መንበር፣ ሌላው ገንዘብ ያዥ ሆነው ያዙት። ከዚያ ለ2026 አዳዲስ ጎረቤት መልምለዋል፤ ቦይዚ ስቴትን፣ ሳን ዲዬጎ ስቴትን፣ ሌሎችንም። ከምስጋናዬ ውስጥ ሽሙጥ የሌለበት ይህ አንቀጽ ብቻ ነው።

ይህ ጥበብ ከመሪዎቹ አልፎ ሕዝቡ ዘንድ መድረሱ ደግሞ እጅግ የሚያስደስት ነው። የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ፓርክ፣ እዚያው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። እሁድ ቡና ላይ መጣና ቅዳሜ ስታዲየም እንደነበር ነገረን።

«ጨዋታው እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እሱን ተወው። ቢግ ቴን ቀጥሎ ማንን ሊወስድ እንደሚችል ታውቃለህ?»

«ማንን?»

ስልኩን አውጥቶ ካርታ ዘረጋ። አትላንታ ስንተኛ ገበያ እንደሆነች፣ ማያሚ ስንት ቤት እንዳላት፣ ኖተርዳም የሚባለው ዩኒቨርሲቲ በእግር ኳስ ያለ ኮንፈረንስ ብቻውን መቆሙ እስከ መቼ እንደሚያዋጣው አብራራልኝ። ጣቱ ካርታው ላይ ሲሮጥ የ19 ዓመት ልጅ ሳይሆን አከፋፋይ ነጋዴ ይመስላል። ፈንዲሻውን ሳያነሳ ሦስት ግዛት ሸጠ። ጓደኞቹም እንደሱ ናቸው አሉ። ውጤቱን ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበ። «የተሸነፍን መሰለኝ» አለ።

ባለቤቴ ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳች ሰምታን ኖሮ «እኛ ቤትስ ስንት ታወጣለች?» አለችው። ልጁ በቁም ነገር ነው የመለሰላት። «ኬብል አላችሁ?» አለ።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ የኔ ጥፋት የሚመጣው። የኬብሉ ሂሳብ በየዓመቱ ሲያድግ ዝም ብዬ ኖሬ፣ አንድ ቀን ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መስመር በመስመር አነበብኩት። በስፖርት ስም የሚቆረጠውን ሳይ ለሁለት ወር ጤፍ ይበቃል። አርሴናልን በሌላ መንገድ አገኘሁት። ሳጥኗን ነቅዬ፣ ገመዷን ጠቅልዬ፣ በፌስታል ወደ ኩባንያው ሱቅ ወሰድኳት። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ፊት ለፊቴም ከኋላዬም ሰዎች በጉያቸው ሳጥን ይዘዋል። ስፖርቱን ሁሉ የተሸከመው የኬብል ጣቢያ ኢኤስፒኤን በ2011 100 ሚሊዮን ቤት ገደማ ይገባ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በአሥር ሚሊዮኖች ጎድሎበታል። የሚጎድለው እንዲህ ነው ለካ፤ በፌስታል፣ አንድ በአንድ። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲዎቹን ያጋባቸው ሳጥን ከየቤቱ ከወጣ፣ እንደገና ሊፋቱና ሊጋቡ ነው።

ፀሐፊዋ ለምን እንደማቋርጥ ጠየቀችኝ። «ቢግ ቴንን ይቅርታ በይልኝ» ልላት አሰብኩና ተውኩት። ደረሰኝ ሰጠችኝ። በሩትገርስና በሚሺጋን መካከል ያለውን ነገር አሁን እኔ አላውቅም፤ ኒው ዮርክም ታውቅ እንደሆን እንጃ።

ጃንዋሪ ላይ ባለቤቴ እንደ ልማዷ ባልዲውን በፎጣ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገባች። በሁለተኛው ቀን ከፈተችው። በሦስተኛውም። በአራተኛው ቀን ወጥ ቤት ሆና ጠራችኝ።

«ያቺን ሳጥን መልሳት» አለች። «ሊጡ እምቢ ብሏል።»