ወጣ የተባለው ፕሮሰሰር የት ገባ?

በእኛ ንግድ ቀኑን ሙሉ የሚመላለሱ ሁለት ቃላት አሉ፤ «ወጣ» እና «ገባ»። «ወጣ» የሚባለው ኩባንያው መድረክ ላይ ቆሞ ስለ አዲሱ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስለ ኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ፣ ሲናገር ነው። «ገባ» የሚባለው ግን ዕቃው ካርቶኑ ተከፍቶ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ እዚህ ጅማ መርካቶ ካለችው ሱቄ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ነው። በሁለቱ መካከል ወራት ያልፋሉ። አንዳንዴም «ወጣ» የተባለው ሳይገባ ቀጣዩ «ወጣ» ይባላል። ላፕቶፕ መሸጥና መጠገን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከዋጋ ቀጥሎ በብዛት የምጠየቀው «አዲሱ ወጥቷል አሉ፤ እሱን ብጠብቅ አይሻልም?» የሚለውን ነው።

አይሻልም። ለምን እንደማይሻል ልናገር፤ ጥፋቱም የሚጠብቀው ሰው ሳይሆን በእጁ የሌለውን ዕቃ የሚያውጀው ኩባንያ እንደሆነ።

በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ ቡና ተሽጦ በገበያው ብር የሚታይበት ሰሞን፣ አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ከአጋሮ መጡ። ልጁ የሁለተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። አባትየው በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ገንዘብ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እኔም ካርቶኑ ያልተከፈተ አሥራ አንደኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ አወጣሁላቸው (ጄኔሬሽኑ ከፍ ባለ ቁጥር ፕሮሰሰሩ አዲስ ነው)። ለተማሪ በቂ ነው፤ ተመርቆም ሁለት ሦስት ዓመት ይሠራበታል። ልጁ ግን ስልኩን አዞረልኝ። ጥቁር መድረክ፣ አንድ ሰው በሁለት ጣቱ የያዛት ትንሽ ቺፕ፣ ከኋላው ሽቅብ የሚወጣ ግራፍ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አሮጌ ነው። አዲሱ በቀደም ወጣ» አለኝ።

አባትየው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ምን ትላለህ ልጄ?»

«አባባ፣ ቶሎ የሚደርስ አይመስለኝም» አልኳቸው። ከዚያ በላይ አልገፋሁም። ዕቃዬን ለመሸጥ ብዬ ልጁን የማታልል እንዳልመስል ፈራሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እሳቸውም «እንግዲህ የሚማርበት እሱ ነው» ብለው ፌስታሉን መልሰው ኮታቸው ውስጥ ከተቱት።

የትኛው ኩባንያ እንደነበር መጥቀስ አያስፈልግም። ልጁ ጠበቀ። የቤት ሥራውን በጓደኛው ላፕቶፕ ሌሊት፣ ጓደኛው ሲተኛ ይሠራ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የኮምፒውተር ዕቃ ከዚያም በፊት ቢሆን በባንክ ዋጋ ብቻ አይሰላም ነበርና ዋጋው በአንዴ እጥፍ አልሆነም፤ ግን ጨመረ፣ የገዢውም አቅም ተሸረሸረ። በ2017 ጥቅምት አባትና ልጅ ተመልሰው ሲመጡ የቤት ወጪ ያስተረፈው ገንዘብ የገዛላቸው ያገለገለ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ነው። ያ በስልክ ያየሁት ፕሮሰሰር ያለበት ላፕቶፕ በዚያን ቀን እንኳ ሱቄ አልገባም ነበር።

እኛ አገር የመሠረት ድንጋይ በማስቀመጥና በማስመረቅ መካከል ያለውን ልዩነት ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ድንጋዩ በተቀመጠ ማግስት በሽተኛ ተሸክሞ ወደዚያ የሚሄድ የለም። የፕሮሰሰር ኩባንያዎች ግን ድንጋዩን አስቀምጠው «ተመረቀ» ይሉናል። በዘርፉ ውስጥ «የወረቀት ላይ ምረቃ» የሚል ስም እስኪወጣለት ድረስ የተለመደ ነው።

ታሪኩም ሩቅ ይሄዳል። (የውጭዎቹን ቀኖች በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ1964 ኮንትሮል ዳታ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በዘመኑ ከዓለም ፈጣኑን ኮምፒውተር፣ ሲዲሲ 6600ን፣ ለደንበኞች ማቅረብ ጀመረ። ግዙፉ አይቢኤም በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ከእሱ የሚስተካከል ማሽን እንደሚያመጣ አስታወቀ። ማሽኑ ገና አልተሠራም። ሊገዙ የነበሩ ደንበኞች ግን እጃቸውን ሰበሰቡ፤ የአይቢኤም ስም ትልቅ ነውና «ትንሽ እንጠብቅ» አሉ። ሞዴል 91 የተባለው ያ ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ደንበኛ ጋ የደረሰው በ1967 ነው። ኮንትሮል ዳታ በ1968 ዲሴምበር ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ1973 በስምምነት ሲዘጋ አይቢኤም አንድ ቅርንጫፍ ኩባንያውን እስከማስተላለፍ ደረሰ። ተፎካካሪን ያለ ዕቃ፣ በቃል ብቻ መጉዳት እንደሚቻል ያኔ ታይቷል።

በ2000 የተደረገውን ደግሞ የእኔ እኩዮች ያስታውሱታል። ማርች 6 ቀን የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው ፕሮሰሰር ሠሪ ኤኤምዲ አትሎን የተባለውን የ1 ጊጋኸርትዝ ፕሮሰሰሩን አወጣ (ጊጋኸርትዝ የፍጥነት መለኪያ ነው)። ሁለት ቀን እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ኢንቴል የራሱን የ1 ጊጋኸርትዝ ፔንቲየም 3 አስታወቀ፤ ገበያ ላይ ማግኘት ግን ለወራት ዳገት ሆኖ ቆየ። ጁላይ 31 ቀን ወደ 1.13 ጊጋኸርትዝ ከፍ ያለውን አስከተለ። ናሙና የደረሳቸው ጥቂት ገምጋሚዎች ሲፈትሹት በሥራ መሀል ቀጥ እያለ አስቸገራቸው፤ ኩባንያው አንድ ወር ሳይሞላ ሰበሰበው። በ2003ም እንዲሁ የኤኤምዲ አትሎን 64 ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው የኢንቴል ፔንቲየም 4 ልዩ እትም ታወጀ፤ ለሽያጭ የደረሰው ኖቬምበር ላይ ነው። የሳምንቷ ዓላማ ገዢውን ማገልገል አልነበረም፤ የሌላውን ድግስ ማደብዘዝ ነው።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ካነን ሌክ የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ነገር ነው። ኢንቴል 10 ናኖሜትር በሚባለው የአሠራር ስልት የተመረቱ ቺፖችን ለዓመታት ቃል ሲገባ ቆይቶ፣ በ2018 መጀመሪያ ላይ «በ2017 መላክ ጀምረናል» አለ። የተላከው ምን ነበር? ኮር አይ ስሪ 8121ዩ የምትባል አንዲት ፕሮሰሰር፣ ውስጧ ያለው የግራፊክስ ክፍል የተዘጋ፣ ቻይና ውስጥ በሚሸጥ አንድ ርካሽ የሌኖቮ ላፕቶፕ ውስጥ። ቃሉ በወረቀት ተፈጸመ፤ ገዢው ግን በብዛት የሚሸጥ ባለ 10 ናኖሜትር ላፕቶፕ ያገኘው በ2019 ቀጣዩ፣ አይስ ሌክ የተባለው፣ ሲመጣ ነው።

ለምን ዕቃው እስኪደርስ አይጠብቁም? ፕሮሰሰር ዋፈር በሚባል ክብ የሲሊኮን ዝርግ ላይ ይሠራል። አንዱ ዋፈር ፋብሪካ ገብቶ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሥራ ደረጃዎችን አልፎ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከአንድ ዋፈር የወጡ ቺፖችም እኩል አይደሉም፤ አንዱ በከፍተኛ ፍጥነት ይሠራል፣ አንዱ ዝቅ ብሎ፣ አንዱ ይጣላል። ቡና በደረጃ እንደሚለይ እነሱም ይለያሉ። ምርቱ ገና ሲጀመር የአንደኛ ደረጃው ጥቂት ነው። ለመድረክና ለገምጋሚዎች ይበቃል፤ ለገበያ አይበቃም። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ደግሞ ብቻውን አይሸጥም፤ እነ ሌኖቮና ኤችፒ ቦርዱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ባትሪውን አሰናድተው መጨረስ አለባቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ኩባንያው ግን ከእኔ በፊት ያውቀዋል። እያወቀ የሚቸኩለው ጃንዋሪ ላይ ላስ ቬጋስ፣ ሜይ ወይም ጁን ላይ ታይፔ ውስጥ ኤግዚቢሽን ስላለ፣ ተፎካካሪው ሊቀድመው ስለሆነ፣ ባለአክሲዮኖች ወሬ ስለሚፈልጉ ነው። ከእነዚህ አንዱም የተማሪው ጉዳይ አይደለም።

ዕቃው በማንም እጅ በሌለበት ጊዜ የሚናገረው ሻጩ ብቻ መሆኑ ሌላው ጉዳት ነው። በ2018 ኦክቶበር ኢንቴል ኮር አይ ናይን 9900ኬን ሲያስተዋውቅ ሰዎች ቀብድ እያስያዙ ነበር፤ ገለልተኛ ገምጋሚዎች ውጤታቸውን ገና አላወጡም። በዚህ መሀል ኢንቴል ከፍሎ ያስጠናው የፍተሻ ውጤት ወጣ። በኋላ እንደታየው የተፎካካሪው የኤኤምዲ ራይዘን 2700ኤክስ የተፈተነው ከስምንት ኮሮቹ (ሥራውን ከሚከፋፈሉት ክፍሎቹ) አራቱ በሚዘጉበት አሠራር ነው። ፍተሻው ተደግሞ ልዩነቱ ጠበበ። ቀብድ ያስያዘው ሰው ግን የወሰነው በመጀመሪያው ቁጥር ነው።

በስልክ ቺፕ የሚታወቀው ኳልኮምም ስናፕድራገን ኤክስ ኤሊት የተባለውን የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ኦክቶበር 2023 አስታውቆ ላፕቶፖቹ ለሽያጭ የቀረቡት ጁን 18 ቀን 2024 ነው፤ ስምንት ወር ገደማ። እዚህ በእኛ አካባቢ የቡና አበባ ፈክቶ ቀይ እሸት እስኪሆን የሚወስደውም እንዲሁ ስምንት ወር አካባቢ ነው። በጌራም ሆነ በማና ያለ ገበሬ አበባው ነጭ ሆኖ ማሳውን ሲሞላው ደስ ይለዋል፤ ሽታው መንገድ ድረስ ይመጣል። ግን ዝናብ ሊቀር፣ በረዶ ሊመታው እንደሚችል ስለሚያውቅ አበባ በኩንታል አይመዝንም። በእነዚያ ስምንት ወራት ኩባንያው ስለ ፍጥነትና ስለ ባትሪ ብዙ ግራፍ አሳየ። ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ተብለው ከተጻፉ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ እንደማይሠሩበት ገዢው አንድ በአንድ ያወቀው ግን ላፕቶፑ ገለልተኛ ሰዎች እጅ ሲገባ ነው። ኢንጂነሪንግ ለሚማር ልጅ ይህ ከባትሪው ይቀድማል።

አስቀድሞ መናገር ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ዛሬ ሙሉ ዋጋ ከፍዬ በሚቀጥለው ሳምንት አዲሱ በዚያው ዋጋ ሲመጣ ማንም ባለመናገሩ እናደድ ነበር። የሶፍትዌርና የማዘርቦርድ ሠሪዎችም ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። የምጠይቀው ሦስቱ አብረው እንዲነገሩ ነው፤ ዋጋው፣ የሚሸጥበት ቀን፣ በዚያ ቀን የሚኖረው ብዛት። ኤኤምዲ ራይዘን 5000 የተባሉትን ፕሮሰሰሮች ኦክቶበር 8 ቀን 2020 ሲያስታውቅ ዋጋውንም፣ ኖቬምበር 5 የሚለውን ቀንም ተናገረ፤ ቀኑንም አከበረ። ብዛቱን ግን አልተናገረም፤ ዕቃው በደቂቃዎች አልቆ ለወራት አትራፊዎች ከዋጋው በላይ ሲሸጡት ቆዩ። ሁለቱን አሟልቶ ሦስተኛውን መተው እንኳ ይህን ያህል ያስከፍላል።

ችኮላው ራሱን ኩባንያውን ሊበላ እንደሚችልም ይታወቃል። በ1983 ኦስቦርን የተባለው የተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር አምራች ተተኪውን ሞዴል አስቀድሞ ሲያወራ፣ በእጁ ያለውን የሚገዛው እንዳጣ ሲነገር ኖሯል፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ከሰረ። ለክስረቱ ሌላም ምክንያት ነበረው የሚሉ አሉ። ዛሬ ያሉት ግዙፎች ግን አይወድቁም፤ የመጠበቁን ዋጋ የሚከፍለው ገዢው ነው። ጅማ ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አሜሪካ ያለው ሰው ከመድረኩ እስከ ሱቁ ይጠብቃል፤ እኛ ከዚያ ሱቅ እስከ ዱባይ፣ ከዱባይ በሻንጣም በካርጎም እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያም 350 ኪሎ ሜትር ያህል እስከዚህ እንጨምራለን። በመካከሉ ምንዛሪው አይጠብቀንም።

ሕግ አለን። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ሆነ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላሉ። እኔ የሌለኝን ዕቃ «አለ» ብዬ ቀብድ ብቀበል መጠየቄ አይቀርም። ላስ ቬጋስ ላይ የተነገረው ግን እዚህ የሚደርሰው በማስታወቂያ መልክ አይደለም፤ በአማርኛ ስለ ቴክኖሎጂ የሚሠሩ ወጣቶቻችን እንደ ዜና ሲያስተላልፉት ነው። ስለዚህ የምለምነው እነሱን ነው። ብዙዎቹን እከታተላለሁ፣ ጥሩ ይሠራሉ፤ ልጆቻችን ከእነሱ ብዙ ይማራሉ። አንድ ነገር ብቻ ያስተካክሉልኝ። ኩባንያው ተናግሮ ዕቃው ሳይሸጥ «ወጣ» አይበሉ። «ተነገረ» ይበሉ። ሽያጭ ሲጀመር «ወጣ» ይበሉ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ «ገባ»። የቪዲዮው ርዕስ ላይ ይህን መጻፍ የሚፈጀው አንድ ቃል ነው፤ ከአጋሮ ለመጣ ሰው ግን በፌስታል ያለውን ገንዘብ የሚያወጣበትን ቀን ይወስንለታል።

እኔ በበኩሌ ከዚያ ወዲህ ዝም አልልም። አንድ ደንበኛ «ልጠብቅ» ሲለኝ ወንበር ስቤ አስቀምጠዋለሁ፤ ምን እንደሚሠራበት፣ መቼ እንደሚያስፈልገው እጠይቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ለልጃቸው ሊገዙ መጥተው ልጅቷ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። የፈተናዋ ቀን መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አሥረኛ ጄኔሬሽኑን አውርጄ ራሙን ወደ 16 ከፍ አደረግኩላት፣ ዊንዶውሱን እዚያው ጫንኩላት፤ እናትየው ቡና እስኪጠጡ ድረስ አለቀ።