ለኮዬ ፈጬ ነቢያት የቀረበ ውዳሴ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚገባ ሰው ታክሲ ቢያጣ፣ ውሃ ቢያጣ፣ ኔትወርክ ቢያጣ ቤቲንግ ቤት አያጣም። ከፋርማሲውና ከጸጉር ቤቱ መሀል ተከፍቶ ይጠብቀዋል። ቅዳሜ ማታ እዚያ የሚሰበሰቡትን ሊቃውንት አገር አላወቃቸውም እንጂ፣ ትልቅ እንቆቅልሽ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፈትተዋል። በቅይጥ ማርሻል አርት ያልተጠበቀ ውጤት ለምን ይበዛል? መልሳቸው አጭር ነው፦ ያልተጠበቀ ውጤት የሚባል ነገር የለም። ፍልሚያው ሳይጀመር «ያለቀ» ነው፤ እንደተባለው ካላለቀ ደግሞ «የተሸጠ» ነው። በሁለቱ መሀል ዕድል የምትቀመጥበት አንዲት ስንዝር ቦታ አልተዉም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያለ የሚያናንቃቸው ምቀኛ አይጠፋም፤ እኛ ግን እጅ እንነሳለን።

መጀመሪያ የትኬት አሠራራቸውን እናድንቅ። ከእንግሊዝ፣ ከስፔንና ከጣሊያን ዘጠኝ የእግር ኳስ ጨዋታ ይለቀማል፤ የሁሉም ኦድ (በአንድ ብር የሚከፈለው) 1.20 አካባቢ። አሥረኛው መስመር ላይ የዩኤፍሲ፣ ማለትም የትልቁ የቅይጥ ማርሻል አርት ድርጅት፣ ፍልሚያ ጣል ይደረጋል፤ እሱ የወጡ ማጣፈጫ ነው። ካሸሯ «ዘጠኙ አይበቃም? ይሄን ልተወው?» ብትል፣ «እህቴ፣ እሱ እኮ ያለቀ ነው፤ ዝም ብለሽ አስገቢው» ትባላለች። ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም፦ ኳስ አቻ ይወጣል፣ ኬጅ (ተፋላሚዎቹ የሚገቡበት አጥር) ውስጥ ግን አቻ ብርቅ ነው።

ሂሳብ የሚባለውን ተራ ነገር ለእኛ ለደካሞች ትተውልናልና እንሥራው። አንድ ኦድ ምን እያለ እንደሆነ ለማወቅ 1ን ለኦዱ ማካፈል ነው። 1.20 ማለት 83 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ማለት ነው። ተጋጣሚው 4.50 ከተሰጠው የእሱ 22 በመቶ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 100 መሆን ሲገባቸው 105 ከምናምን ይሆናሉ፤ ትርፏ የቤቱ ድርሻ ናት። እሷን አውጥታችሁ ስታዩት «ያለቀ» የተባለው ሰው የማሸነፍ ዕድሉ 79 በመቶ ነው፤ ከአምስት አንዴ ይሸነፋል ማለት ነው። አሥሩንም መስመር በዚሁ ልክ ብንቆጥረው ሙሉው ትኬት የሚሳካው ከ11 አንዴ ገደማ ነው። አሥር ጊዜ 1.20 ሲባዛ ወደ 6.19 ይመጣል፤ በ20 ብር 124 ብር። በ11 ትኬት 220 ብር ከፍሎ 124 ብር መቀበል! እንዲህ ያለ ቸርነት በዕድርም በዕቁብም አልታየም።

ወደ ኬጁ እንግባ። የቦክስ ጓንት ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 አውንስ ነው፤ ከ227 እስከ 283 ግራም። የኤምኤምኤው (የቅይጥ ማርሻል አርቱ) በአብዛኛው 4 አውንስ፣ 113 ግራም ገደማ። ጣቶቹም ክፍት ናቸው። የቦክሱ ጓንት ትልቅ ስለሆነ ተሸሽጎ መከላከያም ይሆናል፤ በትንሿ ግን ቡጢው በሁለት ክንድ መሀል ሾልኮ አገጭ ያገኛል። ከዚህ የባሰው ቆጠራ አለመኖሩ ነው። ቦክሰኛ ሲወድቅ ዳኛው እስከ አሥር ይቆጥርለታል፣ ባላንጣው ወደ ጥግ ይሄዳል፣ የወደቀው ትንፋሹን ሰብስቦ ይነሣል። ኬጅ ውስጥ የወደቀ ሰው ላይ ባላንጣው ዘሎ ይወጣበታል፤ ዳኛው የሚገባው ለመቁጠር ሳይሆን ለማስቆም ነው። ስለዚህ አንዲት ስሕተት ሙሉ ፍልሚያ ናት።

ቆጠራው ደግሞ የሚያድነው ሻምፒዮኑን ብቻ አይደለም። በ1990 (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለ በፈረንጅ ናቸው) ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ ማይክ ታይሰንን በአሥረኛው ዙር ሲዘርረው አንዳንድ አወራራጅ 42 ለ1 ሰጥቶት ነበር። ያው ዳግላስ በስምንተኛው ዙር ወድቆ፣ ተቆጥሮለት ነው የተነሣው። በኤምኤምኤ ሕግ ቢሆን ታይሰን ተከትሎት ይወርድና የቦክስ ዓለም እስከ ዛሬ የሚያወራው ታሪክ ስምንተኛው ዙር ላይ ይቀር ነበር። የኛ ሊቃውንት ግን እንዲህ ያለው ዝርዝር ጊዜ ይገድልባቸዋል።

መሸነፊያው መንገድም ብዙ ነው፦ ቡጢ፣ ርግጫ፣ ክርን፣ ጉልበት፣ ወለል ላይ መፈጥፈጥ፣ መታነቅ፣ ክንድ መጠምዘዝ፣ በመጨረሻም የሦስት ዳኞች ወረቀት። አንድ ሰው በሁሉም አንደኛ አይሆንም። የከባድ ሚዛን ተፋላሚው ፌዶር ኤሚሊያነንኮ ወደ አሥር ዓመት ያህል የሚረታው ጠፍቶ ነበር። በ2010 ፋብሪሲዮ ቬርዱም ሲወድቅለት ሊጨርሰው ብሎ ተከትሎት ወረደ፤ የወረደው ግን በምድር ትግል የተካነ ሰው እግሮች መሀል ነበርና በ69ኛው ሰከንድ እጅ ሰጠ። ነገሩ ሁሌም በሙያ መስመር አይሄድም። በ2007 ማት ሴራ ሻምፒዮኑን ጆርጅ ሴንት ፒዬርን ሲጥል በጁጂትሱ (መሬት ላይ በሚያንቁበትና በሚጠመዝዙበት ትግል) ጥቁር ቀበቶ የነበረው ሴራ ያሸነፈው አንቆ ሳይሆን በቡጢ፣ ያውም በመጀመሪያው ዙር ነው። በዓመቱ በድጋሚው ሴንት ፒዬር ደበደበውና የሻምፒዮንነት ቀበቶውን መልሶ ወሰደ። ሻምፒዮኗ አማንዳ ኑኔዝም በ2021 በጁሊያና ፔኛ ታንቃ ተሸነፈች፣ በ2022 መልሳ አሸነፈች። የተሸነፈው ሰው የተሻለ ተፋላሚ መሆኑ አልቀረም፤ ያን ቀን ግን ተሸነፈ።

የሻምፒዮኑ የካማሩ ኡስማን ሽንፈት ግን የብቻው ነው። ነሐሴ 15 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ ሰፈሩ ነጠላውን አጣፍቶ በፍልሰታ ለቅዳሴ ሲወጣ አሜሪካ ገና ቅዳሜ ሌሊት ነበር። ኡስማን በሦስቱም ዳኞች ወረቀት እየመራ አምስተኛው ዙር ሊያልቅ 56 ሰከንድ ቀርቶታል። 24 ደቂቃ ሙሉ ምንም ያልሆነ ሰው በሊዮን ኤድዋርድስ ግራ እግር ጭንቅላቱን ተመትቶ ወደቀ። በኳስ ቢሆን 3 ለ 1 እየመራህ በ89ኛው ደቂቃ አንድ ጎል ቢገባብህ 3 ለ 2 ታሸንፋለህ። ኬጅ ውስጥ አንዲቱ ጎል የበፊቱን ሁሉ ትሰርዛለች።

ታዲያ ከሌላው ስፖርት ጋር ሲተያይ? በረጅም ጊዜ ሲታይ በኤምኤምኤ ዝቅተኛው ኦድ የተሰጠው ተፋላሚ ከሦስት ፍልሚያ ሁለቱን ገደማ ያሸንፋል። በአንድ ነጠላ የእግር ኳስ ጨዋታ ግን ያሸንፋል የተባለው ቡድን የሚያሸንፈው ከሁለት አንዱን ያህል ነው፤ ጎል ጥቂት ነው፣ አቻም አለ። ትኬት በብዛት የሚያቃጥለው ኳሱ ሆኖ ሳለ የሚረገመው ኬጁ መሆኑ የሊቃውንቱ ፍትሕ ነው። ኳስ ይቅር ባይ ነው፤ አርጀንቲና በ2022 ኳታር ላይ በሳዑዲ አረቢያ 2 ለ 1 ተሸንፋ ዋንጫውን ይዛ ተመለሰች። ሊግ ደግሞ 38 ጨዋታ ስላለው የአንድ ቀን ዕድል ይሟሟል፤ ሌስተር በ2016 ሻምፒዮን ሲሆን 5000 ለ1 የተባለው ለዚያ ነው። የኬጅ ሻምፒዮን በዓመት ሁለቴ ወይ ሦስቴ ቢፋለም ነው፤ አንዲት መጥፎ ሌሊት ቀበቶውን ትወስዳለች። በቦክስ ደግሞ አስተዋዋቂው ተስፋ የጣለበትን ልጅ በቀላል ተጋጣሚ ሲያሳድገው 25 ለ 0 የሚል ሪከርድ በቀላሉ ይገኛል። ዩኤፍሲ ጥሩውን ከጥሩው ጋር ቶሎ ስለሚያላትም ያለሽንፈት መቆየት ብርቅ ነው።

አሁን ወደ ችሎቱ። ትኬቱ ሲቃጠል የሰፈሩ ሰበር ሰሚ ጀበና ቡናዋ ጋ ይሰየማል። ማስረጃው ብዙ ነው፦ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሳቀ፤ ጓንት ተነካካ፤ ከተሸነፈ በኋላ አቀፈው። የቅልጥም አጥንት ጆሮ ግንዱን መትቶት ዓይኑ ተገልብጦ የተዘረጋውን ሰው «ትወናው ግን አሪፍ ነበር» ብሎ ማለፍ የሚቻለው ትልቅ ልብ ላለው ብቻ ነው። ችሎቱ አድልዎም የለበትም። ከ2013 ወዲህ ማራቶን ተሸንፎ የማያውቀው ኪፕቾጌ በ2020 ለንደን ላይ ስምንተኛ ሲወጣና የኛው ሹራ ቂጣታ ሲያሸንፍ «ተሽጧል» ያለ አንድም ዳኛ አልተሰማም። በተጠባባቂነት ገብቶ ፓሪስ ላይ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የሰበረው ታምራት ቶላም እንዲሁ ንጹሕ ነው። ሽያጭ ያለው ትኬት ያለበት ቦታ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስመሰግናቸው የሚዛን ቀንን መናቃቸው ነው። ተፋላሚ ከፍልሚያው አንድ ቀን ቀድሞ ይመዘናል፤ ለዚያ ብሎ በሳውናና በሙቅ ውሃ ገንዳ ኪሎዎች የሚሆን ውሃ ከሰውነቱ ያወጣል፣ ከሚዛኑ ወርዶ መልሶ ይጠጣል። ውሃው በደንብ ካልተመለሰ ሁለተኛው ዙር ላይ እግሩ ይተሳሰራል። ተፋላሚው ሬናን ባራኦ እ.ኤ.አ. በ2014 ከቲ.ጄ. ዲላሾ ጋር ለድጋሚው ፍልሚያ ሲዘጋጅ ኪሎ ሲቀንስ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ በማግስቱ በቦታው የገባው ጆ ሶቶ ነበር። ስለዚህ የአወራራጁ ኮምፒውተር ዓርብ ሚዛኑን አይቶ ይነቃል፦ ከንፈሩ የደረቀ፣ ሚዛን ላይ የሚንገዳገድ፣ ኪሎውን የሳተ ሰው ካለ ኦዱን ከፍ ያደርጋል። የኛ ሊቅ ቅዳሜ ማታ ይገባና ትናንት 1.20 የነበረው 1.40 ሆኖ ያገኘዋል። ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም። «አየህ፣ ጨመሩልን!» ይልና ከ20 ብር ወደ 50 ከፍ ያደርጋል።